ሳሩን አትርሺ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ያነሣሽው ጥያቄ አንቺ ከሄድሽ በኋላም ከእኔ ጋር አደረ። «ጋሼ፣ አራት ዓመት አማርኛ አስተማርኩ። አሁን የመማሪያ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ነይ እያለኝ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የዕቃና የስልክ አጠቃቀም መመሪያ መጻፍ ይሻልሻል፣ እንጀራውም እዚያ ነው ትለኛለች። እናቴ ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አለች። ምን ላድርግ?» አልሽኝ። ያን ዕለት አልመለስኩልሽም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ሳምንቱን ሳስብበት ሰንብቼ ይኸው ጻፍኩልሽ።

የእናትሽ ተረት እውነት ነው። ሁለት ዛፍ በአንድ ጊዜ የወጣ ሰው አላየሁም። እኔ ግን አሥር ዓመት አስተምሬ፣ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅቼ፣ ቀሪውን ዕድሜዬን ለገበሬውና ለጤና ሠራተኛው መመሪያ ስጽፍ ኖሬ የተረዳሁት፣ ሦስቱ ሦስት ዛፍ አለመሆናቸውን ነው። ከአንድ ግንድ የወጡ ሦስት ቅርንጫፎች ናቸው። ግንዱ ምንድን ነው ብትዪኝ፣ የተናገርሽው ነገር በሰሚው ልብ ምን ሆኖ እንደሚያርፍ ማወቅ ነው እልሻለሁ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላልና ግንዱን ያየሁበትን ቀን ላጫውትሽ።

በ1964 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ አርሲ ውስጥ አንዲት የደጋ ከተማ ተመደብኩ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነበር፤ አማርኛ የሚሰሙት ከእኔና ከገበያ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «በሬው ይበላል» ብዬ ጻፍኩና ያነበባችሁትን በደብተራችሁ ሣሉ አልኳቸው። እየዞርኩ ሳይ ልጆቹ ሁሉ ሜዳ ላይ አንገቱን የደፋ በሬ ሥለዋል። ጥግ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ ሌላ ነገር ሠርቷል፦ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ብልት፣ ቢላዋ የያዘ ሰው፣ ከሥር ደግሞ አንጋጦ የሚጠብቅ ውሻ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። በዚያ ዘመን መምህር ያለ አርጩሜ ክፍል አይገባም ነበር፤ እጄም ወደዚያው ሄደ። እግዜር ሲያወጣኝ ግን ከመምታቴ በፊት «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። ልጁ ሰሌዳውን በጣቱ እያሳየ «በሬው ይበላል አላሉም ጋሼ? ይኸው እየተበላ ነው» አለኝ።

ዞሬ ሰሌዳውን አየሁት። ልጁ ትክክል ነበር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና «ይበላል» የሚለውን አላልተሽ ብታነቢው በሬው በላተኛ ነው፤ «በ»ንና «ላ»ን አጥብቀሽ ብታነቢው ደግሞ በሬው ራሱ መብል ነው። ሌሎቹ ልጆች እኔ የፈለግሁትን ገመቱ፤ እሱ የተጻፈውን አነበበ። ጠመኔውን አንሥቼ «በሬው ሳር ይበላል» ብዬ አስተካከልኩ። አንዲት ቃል፣ ሁለት ፊደል። ያ ሳር ከሃምሳ ዓመት በላይ ከልቤ አልወጣም። ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢልኝ፦ አንባቢ ሲሳሳት መጀመሪያ ሰሌዳሽን ተመልከቺ፤ ሳሩን ጽፌዋለሁ ወይ በዪ።

ስለዚህ ማስተማሩን እንደ ባከነ ዘመን አትቁጠሪው። መምህር ሌላ ጸሐፊ የማያገኘው ሀብት አለው፤ የሰሚውን ፊት ያያል። ግራ የገባው ልጅ ግንባሩ ይቋጠራል፤ ሳይገባው ገባኝ የሚለው ዓይኑን ይሰብራል። እነዚህን ፊቶች አጥኚያቸው። ነገ ብቻሽን ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጪ ስንቅሽ እነሱ ናቸው።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔም ዘመትኩ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ሁሉም የተጻፉት በፊደላችን ነበር። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የማስተምራቸው ጎልማሶች እንደ ልጅ አይፈሩኝም። አንድ አባወራ ስለ ፋብሪካ የሚያወራ ምንባብ ሳነብላቸው «መምህር፣ ይህን ካነበብኩ ነገ ጠዋት ምን አደርግበታለሁ?» ብለው አቆሙኝ። መልስ አልነበረኝም። ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል ሲባል ለጠያቂው ብቻ ይመስለን ይሆናል። ጠያቂ ያላገኘ አስተማሪም የሚቀርበት ነገር አለ። እኒያ አባወራ ባይጠይቁኝ ኖሮ ሦስተኛውን ሥራዬን አላገኘውም ነበር።

ከዚያ የመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅት ገባሁ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የፊቱ መጥፋት ነው። በክፍል ያጠፋሁትን በማግሥቱ አርመው ነበር፤ መጽሐፍ ግን አንዴ ታትሞ በመኪናና በአጋሰስ ከተጓዘ በኋላ ጠርተሽ አትመልሺውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ከተባለ፣ ከማተሚያ ቤት የወጣውማ ስንት ወንዝ ይሻገራል!

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር አልነበረም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለረጅም ዘመን መጽሐፉም ጋዜጣውም የሚለቀመው በእርሳስ ፊደል ነበር። የላቲን ፊደል ለቃሚ ትልቁንም ትንሹንም ቢቆጥር ለፊደሉ 52 ቤት ይበቃዋል። የእኛ ለቃሚ ግን 33ቱ በ7 ተባዝተው 231 የሆኑትን፣ በዚያ ላይ ዲቃላ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ነጥቦችን የያዘ ገበታ ፊት ቆሞ ይውላል። አንድ የሸበቱ ፊደል ለቃሚ ማረሚያ ወረቀት ሳነብ አዩኝና «አንተ የምታነበው የምታውቀውን ነው፤ እኔ የማነበው ያለውን ነው» አሉኝ። ከዚያም ከመጨረሻው መስመር ተነሥቼ ወደ ላይ እንዳነብ አሳዩኝ። ታሪኩ ሲቋረጥ ፊደሉ ብቻውን ይቀራል፤ ስሕተቱም ያኔ ብቅ ይላል። ዛሬ በስክሪን ላይ ስታርሚም ይህንኑ አድርጊ። እኚህ ሰውና የአርሲው ልጅ ሳይተዋወቁ አንድ ትምህርት ነው ያስተማሩኝ።

ደግሞ የአጻጻፍ ነገር አለ። ከገጠር ትምህርት ቤት አንድ ደብዳቤ መጣልን። የጻፈው መምህሩ ቢሆንም ጠያቂው ተማሪ ነው፦ «በመጽሐፉ መጀመሪያ ያለው ፀሐይና ወደ መጨረሻው ያለው ጸሀይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ይላል። ልዩነት አልነበራቸውም። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ምዕራፍ ጽፈው ሳንነጋገር ቀርተን ነው። እኛ በአንድ ድምፅ የምናነባቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ ለዚያ ልጅ ሦስት እንቆቅልሽ ናቸው። ከዚያ ወዲያ የከሣቴ ብርሃን ተሰማን የ1951 ዓ.ም. እና የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ጠረጴዛው መሃል አኖርን። እየተከራከርን አንዱን አጻጻፍ መረጥን፤ የተስማማንበትን በአንድ ወረቀት አስፍረን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። የትም ብትገቢ የመጀመሪያው ሥራሽ ይህ ወረቀት ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በቃልም ይሠራል።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ማሰብ ግድ ሆነ። «ያው አማርኛ አይደል? ማሳጠር ብቻ ነው» የሚሉ ነበሩ። እኔ የአርሲውን ልጅ ሥዕል ነገርኳቸው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ድምፁ ሲጠብቅ ተነባቢውን ደግሞ ይጽፈዋል፤ በዚያ ማንበብ የለመደ ልጅ የእኛ ፊደል ዝም ያለበትን ቦታ ከየት አምጥቶ ይሙላው? ለእሱ ሳሩን በየዓረፍተ ነገሩ ማኖር ያስፈልጋል። መጽሐፍ ማዘጋጀት ማለት በክፍል ያየሽውን ፊት በማታዪው ቦታ ማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቅርንጫፍ ልምጣ። አንዱ የቴክኒክ ጽሑፍ ይለዋል፣ ሌላው የአጠቃቀም መመሪያ። «ነገ ጠዋት ምን አደርግበታለሁ?» የሚለው የአባወራው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ነው። ለበቆሎ አምራቾች የሚበተን ወረቀት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ባለሙያዎቹ የነገሩኝን በአማርኛ አሳምሬ ጻፍኩ። አንዱ መስመር «ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር ጨምሩ» ይላል። እኔ ማለቴ በዘር ጊዜ፣ በዚያው ቀን ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ወረቀቱ ወደ ደረሰበት ቀበሌ ሄድን። አንድ ገበሬ ማሳቸውን አሳዩኝ። በቆሎው ጥርሱ እንደ ረገፈ አፍ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ሆኖ ነው የበቀለው። ምንም ሳይናገሩ በርከክ ብለው አፈሩን በጣታቸው ፈለፈሉና አንዲት ፍሬ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ፍሬዋ አብጣለች፤ ጉንቁሏ ግን ጠቁሮ ተኮማትሯል። «ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱ አነበበልኝ። ወረቀቱ ከዘሩ ጋር አለ፤ እኛም ከዘሩ ጋር አደረግን» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ማዳበሪያ ዘሩን ሲነካ እርጥበቱን ይሻማዋል፤ ያቃጥለዋል። ባለሙያው ይህን ያውቃል፤ እኔም ሰምቼ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አላለውም። በክፍል ያጠፋሁት ያስከተለው አንድ ሥዕል ነው፤ በመጽሐፍ ያጠፋሁት አንድ ደብዳቤ ነው፤ እዚህ ግን የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ ሄደ። ያን ሌሊት መስመሯን እንደ ገና ጻፍኳት፦ «ጉድጓድ ቆፍሩ። ማዳበሪያውን አስገቡ። ሁለት ጣት አፈር አልብሱት። ዘሩን ከአፈሩ በላይ አስቀምጡ። እንደ ገና አፈር አልብሱ።» አንዲቷ ዓረፍተ ነገር አምስት ሆነች። ሳሩ ይኸው ነው።

ልኬቱም እንዲሁ ነበር። ወረቀቱ በዘመኑ እንደሚመከረው «በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ ማዳበሪያ» ይላል። ገበሬው የሚቆጥረው በጥማድ ነው፤ እንደ አገሩ ቢለያይም ብዙ ጊዜ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል። ስለዚህ «ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ» ብለን ቀየርነው። ለየጉድጓዱ የሚሆነውን ደግሞ በየቤቱ ከማይጠፋው ከለስላሳ ቆርኪ ጋር በሚዛን አስተያይተን በቆርኪ ጻፍነው። የጤና መመሪያም እንዲሁ ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. አንድ ከረጢቱ የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃው ካነሰ ጨዉ ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳዋል። «በአንድ ጠርሙስ» ብለሽ ብትጽፊ የትኛው ጠርሙስ? የቢራው ነው፣ የአምቦው ነው፣ የዘይቱ ነው? እናትየው በእጇ ያለውን ታነሣለች። ከመጻፍሽ በፊት ቤቷ ገብተሽ መደርደሪያዋን ተመልከቺ።

ከዚህ ሁሉ ያጠራቀምኩትን ምክር ባጭሩ ልስጥሽ።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ አንባቢሽ አድርግ ይሁን አታድርግ እስኪባል ድረስ እጁን አንሥቶ ይቆያል፤ እጅ ደግሞ መጠበቅ አያውቅም። ለአንድ ሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጪው። ማስጠንቀቂያውን ከሥራው በፊት አኑሪው። ከተቃጠለ በኋላ የመጣ «አትንኩ» ለማንም አይጠቅምም።

«ይደረጋል»፣ «ይከፈታል» የሚለውን የቢሮ አማርኛ ተጠንቀቂው። የመስኖ ፓምፕ መመሪያ ሳዘጋጅ «ውሃው ሲሞላ መክፈቻው ይከፈታል» ብዬ ረቂቅ ጻፍኩ። ከበቆሎው በኋላ ሳልሞክር ማሳተም ትቼ ነበርና ረቂቁን ለፓምፕ ጠባቂው ሰጥቼ ጎናቸው ቆምኩ። ውሃው ሞላ። ሰውየው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። «ምን እየጠበቁ ነው?» ስላቸው «እስኪከፈት ነዋ» አሉኝ። በሬው እንደ ገና መጣብኝ፤ ይከፈታል ያልኩት መክፈቻ ራሱ ይከፈት ወይስ ሰው ይክፈተው አላልኩም። «እርስዎ ይክፈቱት» ብዬ አረምኩ። መመሪያውን የሚያነበው የሰው አባት፣ የሰው እናት ነውና አንተ፣ አንቺ ብለሽ አትጻፊ። «ክፈቱ» ወይም «ይክፈቱ» በዪ፤ አንዱን ከመረጥሽ ደግሞ እስከ መጨረሻው ጽኚበት።

ለቃላት፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከጠረጴዛሽ አይጥፋ፤ ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ነው። ለተማሪ «ብርሃን አስተፃምሮ» ብለሽ ብታስተምሪ ቃሉን ከነትርጉሙ የምታስረጂበት ጊዜ አለሽ። ለጋራዥ ሠራተኛ ግን ፍሬኑን ፍሬን፣ ካንዴላውን ካንዴላ በዪለት። እጁ ላይ ያለው ቃል እሱ ነው።

ዛሬ ደግሞ አንባቢሽ ስልክ ይዟል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ የትም ይጻፋል፤ ቴሌብርም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘቡን ስልኩ ላይ አምጥቶለታል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ የስልክ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል የተጻፈው 70 ብቻ ይይዛል። በ70 ሆሄ ገንዘቡን ለማን እንደ ላከ፣ ምን ያህል እንደ ቀረው፣ የምሥጢር ቁጥሩን ለማንም እንዳይናገር ለአንድ አረጋዊ መንገር የግጥም ያህል ሙያ ይጠይቃል። ሲያጥር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሳሩ ነውና ስትቀንሺ ጌጡን ቀንሺ እንጂ ሳሩን አትንኪ።

ከሁሉ በላይ፣ ሳትሞክሪ አታሳትሚ። ያልተገላበጠ ያራል። ረቂቅሽን ለሚያውቅ ሰው ብቻ አታሳዪ፤ ለሚሠራበት ሰው ስጪና ዝም ብለሽ ተመልከቺ። «ገባዎት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የአገራችን ሰው ጨዋ ነው፣ ሁሉም ገባኝ ይልሻል። እጁን እዪ። እጁ ከቆመ ጽሑፍሽ ቆሟል ማለት ነው። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል፤ የጸሐፊ መካሩ ደግሞ ግራ የገባው አንባቢ ነው።

አሁን ኮምፒውተሩም ይተረጉማል፣ ይጽፋል፤ እኛ ምን እንሠራለን ብለሽም ነበር። ተጠቀሚበት፤ ድካም ይቀንስልሻል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ግን። በሬው በላተኛ ይሁን መብል በሥዕል ያሳየኝ ልጅ ነበር፤ የጠቆረውን ጉንቁል መዳፌ ላይ ያኖሩልኝ ገበሬ ነበሩ። ወደ እነሱ ሄዶ አጠገባቸው የሚቆም ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ ያቺ ሰው አንቺ ሁኚ።

ስለ ክብሩና ስለ ገንዘቡም ልንገርሽ። መምህርን መንገድ ላይ «ጋሼ» እያለ የሚያቅፈው አለ። የመጽሐፍ አዘጋጅ ስሙ ውስጥ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ይሰፍራል። መመሪያ የሚጽፍ ግን ስሙ የትም የለም፤ ወረቀቱ ከሠራ ማንም አያነሣው፣ ካልሠራ ሁሉም ያነሣዋል። ይህን አውቀሽ ግቢ። የድካምሽን ዋጋ ለመጠየቅ አትፈሪ፤ ሙያ ነው። በተከታዩ ዓመት ግን ያን ቀበሌ ስጎበኝ እኚያው ገበሬ ዳር እስከ ዳር ድፍን ባለ ማሳቸው መሃል አስገብተው ከዚያው የተሸለቀቀ እሸት ጠብሰው ሰጡኝ። ወረቀቱን አንሥተው አላወሩኝም፤ እኔም አላነሣሁም። ከዚያ እሸት የሚበልጥ ሽልማት አላገኘሁም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥሽ። የመጽሐፉን ሥራ ተቀበዪ። ጥቂት ዓመት አርታዒ ሆነሽ ቆዪና ዓይንሽን አስዪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ወደ መመሪያ ጽሑፍ ለመዝለል አትቸኩዪ፤ ያም ቀን ይመጣል። አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ከማስተማሩ ጨርሰሽ አትውጪ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብትሆንም፣ ጎረቤት ያሉ አምስት ልጆች ቢሆኑም፣ ጠመኔ ይዘሽ ሰሌዳ ፊት ቁሚ። ፊት ማየት ያቆመ ጸሐፊ እያደር ለራሱ መጻፍ ይጀምራል። እናትሽንም «ዛፉ አንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥሩን ውሃ አጠጣዋለሁ» በያት።

ቃልሽ ይሰማ። ብዕርሽ ለማንም መሰናክል አይሁን። የጻፍሽው ካንቺ ርቆ በማታውቂው ቤት፣ በማታውቂው ማሳ መልካም ፍሬ ያፍራ። ጠያቂ አይጥፋብሽ፤ ሲጠይቅሽም የምትሰሚበት ትዕግሥት አይጉደልብሽ። እደጊ፣ ተመንደጊ።